ተራራውን ለክተው ዘመኑን ያስቀሩ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር በቀያሾች ካሜራ

ከደብረ ታቦር ተነስቶ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ የሚያቀና መንገደኛ የጉና ተራራን ለረጅም ጊዜ ከዓይኑ አያጣውም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ የሚነሳው ይህ ተራራ ለደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች የውኃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በሌላው ወገን ያሉት ጅረቶች ደግሞ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሸለቆዎች አድርገው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይገባሉ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ተዳፋት ለተከዜ ይገብራል። ለውኃ መሃንዲስ ይህ ምድር የሦስት ተፋሰሶች መለያያ ነው። ለቀያሽ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ፣ ሊለካበት የሚመች ከፍታ ነው።

ይህን ምድር ሊለኩ የመጡ ሰዎች ከመለኪያ መሣሪያቸው ጋር ካሜራ ይዘው ነበር። ያነሷቸው ምስሎች በጊዜው ለሥራ እንጂ ለታሪክ የታሰቡ አልነበሩም። ዛሬ ግን የተራራው ልብስ ምን እንደነበር፣ ወንዙ በየት ይፈስስ እንደነበር፣ ሰው በምን ይጓዝና በምን ይኖር እንደነበር የሚመሰክሩ ማስረጃዎች ሆነዋል። እነዚህ ምስሎች እንዴት ተነሱ? ምንስ ያስተምሩናል? የያዙት ምስክርነትስ ሳይጠፋ እንዴት ሊተርፍ ይችላል?

ካሜራ ከመምጣቱ በፊት

በሰሜን ኢትዮጵያ ሰፊ የቅየሳ ሥራ ከሠሩ የውጭ ሰዎች መካከል ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እ.አ.አ ከ1838 እስከ 1848 በሀገሪቱ ተዘዋውሯል። ከአንዱ ተራራ ላይ ቆሞ በዙሪያው የሚታዩትን ጫፎች በቴዎዶላይት አንድ በአንድ ያነጣጥርና አቅጣጫቸውን ይመዘግባል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ተራራ ተሻግሮ እነዚያኑ ጫፎች እንደገና ይለካል። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ የተራራውን ትክክለኛ ሥፍራ ይነግረዋል። የሥራው ውጤት እ.አ.አ ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ በፈረንሳይ ታትሟል። ዳባዲ የተራሮቹን ቅርጽ ያስቀረው በቁጥርና በእጅ ንድፍ ነበር።

ካሜራና ቅየሳ በዚህ አካባቢ አጠገብ ላጠገብ የተገናኙት በአጼ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ ከባድ መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም መባቻ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ለመድፉ የሚሆን መንገድ በፊታቸው ማስጠረግ ነበረባቸው። የተጓዙት በጋይንት ምድር፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ወጥተው፣ የጅዳን ገደል ወርደውና ወጥተው ነው። ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየቆረጠ፣ ዳገቱን እያለሰለሰ በወራት የሚቆጠር ጊዜ ፈጅቶበታል። በአካባቢው ለተሽከርካሪ የሚሆን መንገድ ለመሥራት ከተደረጉት ቀደምት ጥረቶች አንዱ ይህ ነው።

ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ደርሶ ወደ ጅዳ ሲወርድ የተጠቀመው ይህንኑ የቴዎድሮስን መንገድ ነው። የጦሩ አዛዥ ሮበርት ናፒየር ራሱ መሃንዲስ ሲሆን፣ በሕንድ ፑንጃብ መንገድና ቦይ በማሠራት የታወቀ ነበር። ከጦሩ ጋር ሁለት ዓይነት ባለሙያዎች ተጉዘዋል፦ ከሕንድ ታላቁ የሦስት ማዕዘን ቅየሳ መሥሪያ ቤት የመጡ ቀያሾችና ከንጉሣዊው የመሃንዲሶች ክፍል 10ኛ ኩባንያ የተመደቡ ፎቶግራፍ አንሺዎች። የፎቶግራፍ አንሺዎቹ አንዱ ዋና ሥራ ቀያሾቹ የሣሏቸውን ካርታዎችና ንድፎች በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖቹ ማዳረስ ነበር። በዚያው ጉዞ የሰፈሩን፣ የተራራውንና የገደሉን ገጽታ በመስታወት ላይ አስቀርተዋል። ዘዴው መስታወቱን በኬሚካል ቀብቶ ሳይደርቅ ማንሳትንና ወዲያው ማጠብን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጨለማ ክፍል የሚሆን ድንኳን፣ ውኃና ጠርሙስ በበቅሎ ተጭኖ አብሮ መሄድ ነበረበት።

ርስትና ገመድ፦ ሕዝቡ ቀያሽን ለምን ጠረጠረ?

ይህን ታሪክ ከመሃንዲሱ ወገን ብቻ ማየት ግማሹን መተው ነው። በበጌምድርና በጎጃም መሬት ርስት ነበር። አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው የአቅኚ አባቱን የዘር ሐረግ ቆጥሮ ነው። በማዕከላዊው መንግሥት ገመድ ተለክቶ፣ ለምና ጠፍ ተብሎ በጋሻ የተመዘገበው መሬት በአብዛኛው በሌላው የሀገሪቱ ክፍል የሚገኘው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም የወጣው የመሬት ግብር ሕግ በጋሻ ልክ ግብር ሲተምን እንኳ በጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ በልዩ ሁኔታ ቀርተዋል። ገበሬው ልኬትን የተቃወመበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ዛሬ የተለካ መሬት ነገ ሊገብር፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል የሚል ሥጋት ነው። በ1960 ዓ.ም በጎጃም የተቀሰቀሰው የገበሬዎች አመጽ የተነሳው በአዲሱ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ምክንያት ሲሆን፣ ገማች ኮሚቴዎቹ መሬት ሊለኩ መጡ የሚለው ፍርሃት አባብሶታል።

እንግዲህ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክሎ በመነጽር የሚያነጣጥር፣ ድንጋይ ላይ ምልክት የሚያደርግ ባዕድ ሰው በተራራ ጫፍ ላይ ሲታይ በአካባቢው ነዋሪ ልብ ምን ሊያሳድር እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። መሃንዲሱ የሚለካው የምድርን ቅርጽ ነው፤ ገበሬው የሚያየው ግን ርስቱን ነው። በአሮጌ የቅየሳ ፎቶግራፎች ዳር ቆመው በትኩረት የሚመለከቱ ሰዎችን ፊት ስናይ ይህን ማስታወስ ይገባል።

የዓባይ ተፋሰስ ጥናት

የዘመናዊው ቅየሳ ዋና ምዕራፍ የተከፈተው በነሐሴ 1949 ዓ.ም ነው። የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት የዓባይን ተፋሰስ የመሬትና የውኃ ሀብት በጋራ ለማጥናት ተስማሙ። በአሜሪካ በኩል ሥራውን የመራው የሀገሪቱ የመሬት ልማትና መስኖ ቢሮ ሲሆን፣ የቅየሳውን መሠረት የጣለው ደግሞ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻና የጂኦዴሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ነው። ጥናቱ እ.አ.አ በ1964 በበርካታ ጥራዞች ታትሞ ወጣ።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በዚህ ጥናት ዳር የቆሙ አልነበሩም። እስቴና ስማዳ በደቡብ በኩል የዓባይን ሸለቆ ይዋሰናሉ፤ በሽሎ ወደ ዓባይ የሚገባውም በዚሁ አካባቢ ነው። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ በጥናቱ ለመስኖ ልማት ከታጩት ወንዞች ውስጥ ናቸው፤ ዛሬ በርብ ላይ የቆመው ግድብ ሐሳብ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በወረቀት ላይ የነበረ ነው። በዋናው ዓባይ ላይ ደግሞ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና የድንበር ግድብ የተባሉ አራት ትላልቅ የኃይል ማመንጫ ቦታዎች ተለይተዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው የድንበር ግድብ ከተባለው ሥፍራ አቅራቢያ ነው።

ለእንዲህ ያለ ጥናት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቋሚ ነጥብ ነው። በዘመኑ አሠራር ቀያሾች እርስ በርስ የሚተያዩ ከፍታዎችን ይመርጣሉ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ምልክት ይተክላሉ። ከአንዱ ጫፍ ሆነው በሌሎቹ ላይ የቆመውን ምልክት ወይም የሚበራውን መብራት እያነጣጠሩ ማዕዘኑን ደጋግመው ይለካሉ። የአንዱ ጎን ርዝመት በጥንቃቄ ከተለካ የሌሎቹ ጎኖች ርዝመት በስሌት ይገኛል። እንዲህ እየተያያዙ የሚሄዱ ሦስት ማዕዘኖች ሀገሩን እንደ መረብ ይሸፍኑታል። ጭጋግ ከወረደ ግን ሥራው ይቆማል፤ በጉና ዙሪያ ጭጋግ ምን ያህል እንደሚዘገይ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ካሜራው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነጥብ ከተተከለ በኋላ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሌላ ቀያሽ ሊያገኘው ይገባል። ስለዚህ የቦታው መግለጫ ይጻፋል፤ በስተ ምሥራቅ ምን እንዳለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በየት አቅጣጫ እንደሚታይ፣ ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ። ፎቶግራፍ ይህን መግለጫ ያጸናል። መሃንዲሶች ከዚህ ሌላ የወንዝ መለኪያ ጣቢያን፣ የግድብ ቦታን፣ የአለት ንጣፍንና የአፈር ጉድጓድን ያነሳሉ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ በግል ካሜራቸው ገበያውን፣ የበቅሎ ጭነቱንና የሰፈሩን ልጆች አንስተዋል። በመንግሥት መዝገብ የቀረው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው በየቤተሰቡ አልበምና በስላይድ ሳጥን ውስጥ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል።

ከዓባይ ጥናት በኋላ ሥራው ወደ መላ ሀገሪቱ ሰፋ። እ.አ.አ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ተልዕኮ በሄሊኮፕተር ጭምር እየታገዘ የሀገሪቱን የቅየሳ መረብ አስፋፋ። በኢትዮጵያ በኩል በ1940ዎቹ ዓ.ም የተቋቋመው የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ሥራውን ተረከበ። ያ መሥሪያ ቤት ስሙ በየዘመኑ እየተለወጠ መጥቶ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛል።

አዲንዳን፦ ዓባይ የዋጠው መነሻ

የትኛውም ካርታ ከአንድ ቦታ መነሳት አለበት። የኢትዮጵያ ካርታዎች የተነሱበት ነጥብ የሚገኘው በኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም። የዓባይ ተፋሰስ የቅየሳ መረብ በሱዳን አድርጎ የተያያዘው በግብጽና በሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ በኑብያ ምድር ከሚገኘው አዲንዳን ከሚባል ቦታ ጋር ነው። በዚህም ምክንያት የሀገራችን የካርታ ሥርዓት እስከ ዛሬ አዲንዳን እየተባለ ይጠራል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ ሲሞላ የአዲንዳን መንደር ነዋሪዎቿ ተነስተው በሐይቁ ተውጣለች። የዓባይን ምንጮች ለመለካት መነሻ የሆነችው መንደር በዓባይ ውኃ ሥር መቅረቷ ከታሪክ ግጥምጥሞሾች አንዱ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚገኘው የሳተላይት አቀማመጥ የሚሠራው በሌላ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። አንድ ቦታ በአዲንዳን ሥርዓት የሚሰጠው ቁጥርና በሳተላይቱ ሥርዓት የሚሰጠው ቁጥር በእኛ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሁለቱን ሳያስታርቅ የሚጠቀም ባለሙያ የአንዱን ማሳ በጎረቤቱ ማሳ ላይ፣ የአንዱን ቀበሌ ምንጭ በሌላው ቀበሌ ውስጥ ሊያሳይ ይችላል። ድሮ በተራራ ጫፍ የተተከሉት ነጥቦች የሚጠቅሙት ለዚህ ነው። ሁለቱን ሥርዓቶች ለማስታረቅ በሁለቱም የሚታወቅ ቦታ ያስፈልጋል። በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ የተተከለ የብረት ሰሌዳ ከሥሩ ምንም የተቀበረ ሀብት የለም፤ ተነቅሎ ሲወሰድ ግን የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው።

ፎቶዎቹ ምን መሰከሩ?

የድሮ ምስል ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የለመድነውን ትረካ ይፈትናል። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የ1868ቱን (እ.አ.አ) የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፎች ይዘው ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ቦታዎች እንደገና አንስተዋል። በ13 የመሬት ገጽታ ምስሎች ላይ ያደረጉት ንጽጽር ያሳየው ብዙዎች የማይጠብቁትን ነው፦ ምድሩ በዚያ ዘመንም የተራቆተ ነበር፤ በብዙዎቹ ቦታዎች የዛሬው የእጽዋት ሽፋን ከያኔው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ አስተዋጽኦ አድርጓል። በአጼ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ የአንድን ምስል ዕድሜ ለመገመት ጭምር ይረዳል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሰማይ የመጣ ነው። የጣሊያን ጦር በወረራው ዘመን ለካርታ ሥራ ያነሳቸው ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ የአየር ፎቶግራፎች በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ በካርቶን ላይ እንደተለጠፉ ለዓመታት ተቀምጠው ነበር። የኢትዮጵያና የቤልጂየም ባለሙያዎች ተባብረው እያንዳንዱን ምስል ከቦታው ጋር በማዛመድ ለጥናት አብቅተዋቸዋል። ለጦርነት የተነሳ ምስል ለሰላም ሥራ ዋለ።

ከእነዚህ ምስሎች የተጠቀመ አንድ ጥናት በቀጥታ ደቡብ ጎንደርን ይመለከታል። ተመራማሪዎች የቤተ ክርስቲያን ደኖችን እ.አ.አ በ1938 ከተነሳው የአየር ፎቶግራፍ እስከ 2015ቱ የሳተላይት ምስል ድረስ አነጻጽረዋል። ደኖቹ በስፋታቸው በአመዛኙ ጸንተው ቆይተዋል። የተለወጠው ዙሪያቸው ነው። ድሮ ደኑን ከእርሻው የሚለየው ቁጥቋጦና የተበታተነ ዛፍ ሳስቷል፤ ዛሬ ማሳው ከደኑ ጠርዝ ይነሳል፤ በደኖቹ ውስጥና ዳር ደግሞ ባሕር ዛፍ ገብቷል። ይህን መሬት ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ በፊት የነበረውን ጠርዝ የሚያሳየው ምስሉ ብቻ ነው። ደኑን ለመታደግ አጥር ማጠር በቂ መሆን አለመሆኑን ለመመዘንም ይህ እውቀት ያስፈልጋል።

ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። ሁሉም ነገር ድሮ ለምለም ነበር ማለትም፣ ሁሉም ነገር እየተሻሻለ መጥቷል ማለትም ትክክል አይደለም። እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱ ታሪክ አለው። የጨጨሆ ገደል፣ የስማዳ ቆላ፣ የእስቴ ደጋ ምን እንደነበሩ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለመናገር የየራሳቸው ምስል ተፈልጎ መገኘት ይኖርበታል።

ሥፍራውን መልሶ ማንሳት

የድሮን ምስል ቦታ ማግኘት ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ የሚታየው የሰማይ ጠርዝ ነው፤ ዛፍ ይቆረጣል፣ ቤት ይፈርሳል፣ የተራራ ጫፍ ግን ባለበት ይቆያል። ቀጥሎ በቅርብ ያለ አለት ከሩቅ ካለው ጫፍ ጋር በምስሉ ላይ እንዴት እንደተሰለፈ ይጠናል። ሰውየው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ጥቂት ሲራመድ ሰልፉ ይዛባል፤ ሰልፉ ልክ የሚገጥምበት ቦታ የመጀመሪያው ካሜራ የቆመበት ነው። በመጨረሻም ወራቱና ሰዓቱ ይመሳሰላሉ። በመስከረም የተነሳን ምስል በሚያዝያ ከተነሳ ጋር ማነጻጸር የመሬቱን ሳይሆን የወራቱን ልዩነት ያሳያል።

ይህ በትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ክበብ፣ በግብርና ባለሙያ ወይም በአካባቢው ወጣት ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። የተገኘው ውጤት ቦታው፣ ቀኑና ያነሳው ሰው ስም ተጽፎበት መቀመጥ አለበት። የዛሬው ፎቶ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የድሮ ፎቶ ይሆናልና።

ከገመድ እስከ ኦርቶፎቶ

የመሬት ልኬት ፍርሃት የነበረበት አካባቢ ዛሬ ሌላ ታሪክ ላይ ደርሷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም መሬት ላራሹ ከታወጀ፣ በ1989 ዓ.ም በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ከተደረገ በኋላ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአማራ ክልል አርሶ አደሮች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማግኘት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር ማሳው የተለየው በጎረቤት ምስክርነትና በገመድ ልኬት ነበር። በሁለተኛው ዙር ምዝገባ ግን እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ ይሰፍራል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ኦርቶፎቶ የሚባለው፣ ስሕተቱ ታርሞ በካርታ ልክ የተስተካከለ የአየር ፎቶግራፍ ነው። አርሶ አደሩ ድንበሩን በፎቶው ላይ ጎረቤቶቹ ባሉበት ያመለክታል። ቅየሳ ርስት ይወስዳል ተብሎ ከተፈራበት ዘመን፣ ቅየሳ ይዞታን ያጸናል ወደሚባልበት ዘመን ተሸጋግረናል። እምነቱ የሚጸናው ግን ልኬቱ ትክክል፣ ሥራው በግልጽ ከሆነ ብቻ ነው።

ስም የሌላቸው ሰዎች

በእነዚህ አሮጌ ምስሎች ውስጥ አንድ ጉድለት አለ። መሃንዲሱ ያነሳውን የተራራ ከፍታ በሜትር ያውቃል፤ መሣሪያውን በትከሻው ተሸክሞ ጫፍ ያደረሰውን የአገሬ ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አልጻፈም። በቅሎ የነዳው፣ መንገድ የመራው፣ የወንዙን ከፍታ ጠዋትና ማታ እያነበበ የመዘገበው፣ የተራራውን ስም ለካርታው የነገረው ሰው ከምስሉ ሥር ስሙ የለም። የካርታው የቦታ ስሞች ከእነዚህ ሰዎች አንደበት የተወሰዱ ናቸው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ያለው ጊዜ አጭር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በካሜራ ፊት የቆመ የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ ከሰባ ዓመት አልፎታል። ምስሉን ቢያይ አባቱን፣ ጎረቤቱን፣ የፈረሰውን ቤት፣ የተቆረጠውን ዋርካ ለይቶ ሊናገር ይችላል። ከእርሱ በኋላ የሚናገር የለም። ስለዚህ በውጭ ሀገር በቤተሰብ እጅ ያሉ ስላይዶች በዲጂታል ተገልብጠው ወደተነሱበት አካባቢ ቢመለሱ፣ የወረዳ ባሕልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ምስሎቹን ለአረጋውያን አሳይተው የሚሉትን ቢመዘግቡ፣ ካርታው ያልያዘው እውቀት ይተርፋል። በሀገር ውስጥም ከአባት ሳጥን የተገኘ አሮጌ ፎቶ ከመጣሉ በፊት በጀርባው ቦታውንና ስሙን መጻፍ ቀላል፣ ግን ትልቅ ሥራ ነው።

የጉና ተራራ ከፍታ ተለክቶ ታውቋል። ከሥሩ የኖሩትና ያስለኩት ሰዎች ስም ግን ገና አልተመዘገበም፤ የሚያስታውሱት እያሉ መጠየቅ የዚህ ትውልድ ድርሻ ነው።